ሰማይ በ50 ፓውንድ ሲታረስ

ቀይ ወይን ግድግዳ ላይ ሲደፋ ዋናው ነገር አለመፈተግ ነው። ደረቅ ጨርቅ ጠጋ አድርጎ እንዲመጥ መተው፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውኃ ከጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር፣ ቀስ እያሉ ከዳር ወደ መሐል። የፈተገ ሰው እድፉን ያሰፋዋል። ካደረ ደግሞ ጨርቅም ሳሙናም አያድነውም፤ ቀለም ቀቢ ይጠራል። ለንደን መሐል ከተማ የሰው ቢሮ እያጸዳሁ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ስለ ወይን ከጠጪው ይልቅ እኔ ሳላውቅ አልቀርም።

ስለዚህ በኮቪድ እገዳ ወቅት በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ስለተደረጉት ድግሶች ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኛዋ ሱ ግሬይ የጻፈችው ሪፖርት ሜይ 25 ቀን 2022 ሲወጣ (ቀኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ነገሩ የእነሱ ነው) ሌላው ሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ፎቶ ሲያገላብጥ የእኔ ዓይን የቀረው አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር። ዲሴምበር 18 ቀን 2020፣ ዓርብ ማታ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤትና ቢሮ በሆነው ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ውስጥ የፕሬስ ክፍሉ ሰዎች የገና ድግስ ነበራቸው። በማግስቱ ጠዋት ክፍሉን ሊያጸዳ የገባ ሠራተኛ አንደኛው ግድግዳ ላይና የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶኖች ላይ ቀይ ወይን ተደፍቶ አገኘ። ስም የለውም። ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። የጽዳት ሠራተኛ፣ በቃ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነው፣ ዲሴምበር 19። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ የለንደንና የአካባቢዋ ሰው ገናን አብሮት ከሚኖረው ቤተሰብ ውጭ ከማንም ጋር ማሳለፍ እንደማይችል ነገረን። ከሦስት ቀን በፊት ገናን መከልከል ኢሰብአዊ ነው ሲል የነበረው ራሱ ነው። እንግዲህ አስቡት። የእኔ ቢጤ አንድ ሰው ጠዋት ያንን ግድግዳ ሲጠርግ ቆይቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ ቴሌቪዥን ሲከፍት የዚያው ቤት ጌታ "እንዳትሰበሰቡ" ይለዋል። ያየሁትን ልናገር ቢል ማን ያምነው ነበር?

ቢሮ ያጸዳ ሰው ያውቃል፤ ማን እንዳመሸ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ሐኪም የከለከለውን እንደሚበላ ቅርጫቱ ይነግርሃል። እኛ ስንገባ ወሬ አያቋርጡም። አጠገባቸው ጎንበስ ብለን ገመድ ስናነሳ ስልካቸውን አይዘጉም። መጀመሪያ ላይ እንደ እምነት ቆጥሬው ነበር፤ እያደር ሲገባኝ እዚያ መኖራችንን ልብ ስለማይሉ ነው።

ያን ጊዜ እኛ እንዴት እንደከረምን ላስታውስ። ኤፕሪል 2020 ላይ ከዕድራችን አንድ ትልቅ ሰው አረፉ። ቀብሩ ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ሆነ። ለቅሶ መድረስ የለም፣ ማስተዛዘኛ የለም፣ ሰልስት የለም። እንጀራና ወጡን በራቸው ላይ አስቀምጠን፣ ደወሉን ደውለን፣ መንገዱን ተሻግረን ማዶ ቆመን ነው ያለቀስነው። ባለቤታቸው በመስኮት አዩን። ከመካከላችን አንዷ ልትሮጥ ስትል ክንዷን ይዘን አስቀረናት። "ደንብ ነው" አልናት። አገር ቤት ስደውልም ያው ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ፣ እጅ መጨባበጥ ሳይቀር ቀርቶ። እናቴ "ሞትም እንዲህ ይዋረድ?" ትለኝ ነበር።

ፋሲካችን ኤፕሪል 19 ዋለ። ቅዳሴውን በስልክ እየተከታተልሁ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ ሳሎን ቆሜ አደርሁ። ጧፍ ባበራ የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኸና የላይኛውን ፎቅ ሰው ሁሉ ቀሰቀስሁ።

የፈረንጆቹ ፋሲካ ከእኛ ሳምንት ቀድሞ ኤፕሪል 12 ነበር። በዚያች ቀን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና አማካሪ ዶሚኒክ ከሚንግስ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን መኪናው ውስጥ ጭኖ ባርናርድ ካስል ወደምትባል ታሪካዊ ከተማ ነዳ። ቀድሞውንም ከለንደን 260 ማይል ገደማ ነድቶ ደርሃም፣ አባቱ ርስት ላይ ነበር የከረመው። ሁላችንም "ቤት ቆዩ" በተባልንበት ወር ማለት ነው። ወሬው በሜይ ሲፈነዳ ዳውኒንግ ስትሪት የአትክልት ቦታ ውስጥ ጠረጴዛ ተቀምጦለት ምክንያቱን ለጋዜጠኞች አስረዳ። ከበሽታው በኋላ ዓይኑ ስላሠጋው፣ ረጅሙን መንገድ ወደ ለንደን ከመንዳቱ በፊት መቻል አለመቻሉን ሊሞክር ነው። የሚስቱ ልደት ቀን መሆኑ ደግሞ አጋጣሚ ነው እንበል። የአውቶቡስ ሾፌር የሆነ ወዳጅ አለኝ፤ ያን ዓመት የሥራ ባልደረቦቹን የቀበረ ሰው ነው። "እኔ ለአለቃዬ ዓይኔን ልሞክር ብዬ ነዳሁ ብለው መንጃ ፈቃዴን ነው የሚቀማኝ" አለና ሳቀ። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም።

ከሚንግስ አልተባረረም። ጆንሰን ኃላፊነት የተሞላው፣ ሕጋዊ ሥራ ሠራ ብሎ ቆመለት። ይህ ነገር እዚያው ሰውዬው ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች በወረርሽኙ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በየጊዜው ይጠይቁ ነበርና፣ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ሕዝቡ መንግሥት ላይ የነበረው እምነት ቁልቁል መውረዱን አሳዩ። የራሳቸው መንግሥት ባላቸው በስኮትላንድና በዌልስ ያን ያህል አልወረደም። ጥናቱን ለማመን ጥናት አላስፈለገኝም። ከዚያ ወዲያ ልጄን "ጓደኞችህ ጋ አትሂድ" ስለው መልሱ "ዓይኔን ልሞክር ነው" ሆነ።

እኛ ደግሞ ያላወቅነው ነበር። ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው። ከሚንግስ ገና ሳይጋለጥ፣ ሜይ 20፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና ጸሐፊ ማርቲን ሬይኖልድስ ከመቶ ለሚበልጡ ሰዎች ኢሜይል ላከ፤ አየሩ ውብ ስለሆነ ማታ አትክልት ቦታው ውስጥ ተራርቀን እንጠጣ፣ መጠጣችሁን ይዛችሁ ኑ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው ቤት፣ ኦሊቨር ዳውደን የሚባለው ሚኒስትር መግለጫ ሲሰጥ ከቤታችሁ ውጭ ማግኘት የምትችሉት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱንም ደጅ፣ ሁለት ሜትር ርቃችሁ እያለ ሲያስታውሰን ነበር። ሬይኖልድስ በኋላ ለባልደረባው በጻፈው መልእክት፣ ስለ መጠጡ ነገር ያመለጥን ይመስላል የሚል ቃል ይገኝበታል። ይህቺን ሳነብ ነው የበገንሁት። የረሳ ሰው፣ ያልገባው ሰው "አመለጥን" አይልም። ምን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር፤ ቢያዙ ምን እንደሚሉ ብቻ አላሰቡበትም።

ስለዚህ ሲያዙ የሚሉት ጠፋ። ዲሴምበር 2021 ላይ ጆንሰን ድግስ አልነበረም፣ ደንብም አልተጣሰም ብለው አረጋግጠውልኛል አለ። ጃንዋሪ ላይ፣ አዎ አትክልት ቦታው ሄጃለሁ፣ 25 ደቂቃ ቆይቻለሁ፣ የሥራ ስብሰባ መስሎኝ ነው አለ። ለጆንሰን ልደት ስለተደረገው ስብሰባ ሲጠየቅ ኮኖር በርንስ የሚባል የፓርቲው ሰው በቴሌቪዥን ያለውን ግን ማንም አይረሳውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በኬክ ደፈጣ ተይዘው ነው! ሸማቂ ኬክ መሆኑ ነው። ካቢኔው ክፍል ውስጥ ተደብቆ የጠበቀ ኬክ። እኛ ሰፈር ከዚያ ወዲያ ልደት በመጣ ቁጥር "ኬኩ እንዳይተኩስብህ" ነው የምንባባለው።

ፖሊስ መጀመሪያ ያለፈ ነገር አልመረምርም ብሎ ነበር። የተንቀሳቀሰው ጋዜጠኞች ቪዲዮና ኢሜይል አንድ በአንድ ካወጡና ነገሩ ሊሸፈን ካልቻለ በኋላ፣ ጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ላይ ነው። ሲጨርስ 83 ሰዎችን 126 ጊዜ ቀጣ። ኤፕሪል 12 የጆንሰን፣ የባለቤቱና የያኔው የገንዘብ ሚኒስትር የሪሺ ሱናክ ቅጣት ተሰማ፤ ጁን 19 ቀን 2020 ላይ ስለነበረው የልደት ስብሰባ፣ 50 ፓውንድ። አንድ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ላይ እያለ ሕግ መጣሱ እንዲህ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነው ተባለ።

የዕድራችን ገንዘብ ያዥ በዚያ ሰሞን ስብሰባ ላይ እጁን እያወናጨፈ የተናገረውን ልንገራችሁ። "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለን ያደግን ሰዎች ነን! እዩት እንግዲህ፣ ሰማይ ታረሰ! ተራ ፖሊስ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቀጣ! የት አገር አይታችኋል?" ግማሹ ሰው አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር እኔም አንጀቴ ራሰ። ከመጣንበት አገር ልማድ ጋር ስናስተያየው የማያጨበጭብ የለም። የባለሥልጣን መኪና ቀይ መብራት ሲጥስ ትራፊኩ ሰላምታ ሲሰጥ አይተን ነው የመጣነው።

ግን "50 ፓውንድ እኮ አምስት ሰዓት ሞፕ ገፍቼ የማገኛት ናት" አልሁት። በዚሁ ወረርሽኝ ከሠላሳ ሰው በላይ ሰበሰብክ የተባለ ደጋሽ 10 ሺህ ፓውንድ ይቀጣ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቁሮችና እስያውያን ወጣቶች ከነጮቹ በበለጠ መጠን እንደተቀጡ የፖሊሶቹ የራሳቸው ቁጥር ያሳያል። ደግሞ ኖቬምበር 13 ቀን 2020 ላይ ለአንድ ተሰናባች ሠራተኛ በተደረገው ዝግጅት ጆንሰን ብርጭቆ አንሥቶ ሲናገር፣ ጠረጴዛው ጠርሙስ ሞልቶት፣ ፎቶው ወጥቷል። በዚያ ዝግጅት የተቀጡ አሉ። እሱ ግን በዚያ አልተቀጣም። ብርጭቆ ያነሣው ቀርቶ አጠገቡ የቆመው ሲቀጣ፣ ይህ ማረስ ነው ወይስ መጫጫር?

ገንዘብ ያዣችን "አንቺ ደግሞ አይጥምሽም" አለኝ። አይጥመኝም።

ሁሉም ፖለቲከኛ አንድ ነው ከሚሉት ወገን ግን አይደለሁም፤ ስንፍና ነው። የስኮትላንድ የጤና ኃላፊዋ ካትሪን ካልደርዉድ ቤት ቆዩ የሚለውን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የምትናገረው ራሷ ነበረች። ፋይፍ ያለው ሁለተኛ ቤቷ ሄዳ ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ኤፕሪል 5 ቀን 2020 ሥራዋን ለቀቀች። አየርላንድ ውስጥ ክሊፍደን ላይ የጎልፍ ማኅበር እራት የበሉ ጊዜ የግብርና ሚኒስትሩ ወዲያው ወረደ፣ በአውሮፓ ኅብረት የንግድ ኮሚሽነር የነበረው ፊል ሆጋንም በቀናት ውስጥ ተከተለው። ማት ሃንኮክ እንኳ፣ ለእኛ መራራቅን ሲሰብክ የከረመው የጤና ሚኒስትር፣ ቢሮው ውስጥ አማካሪውን ሲስም ካሜራ ላይ በታየ በማግስቱ ሄደ።

እኔን የገረመችኝ ኖርዌይ ናት። የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ 60ኛ ዓመቷን ልታከብር ቤተሰቧን ይዛ ወደ አንድ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ወጣች። በአንድ ዝግጅት ከአሥር በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ እነሱ 13 ሆኑ። ምግብ ቤት በተበላው እራት ላይ እሷ አልነበረችም፤ የዓይን ሕክምና ሄዳ ነበር። (ዓይን የወረርሽኙ ጊዜ ዋና ገጸ ባሕርይ ሳይሆን አይቀርም። የእሷ ግን ሐኪም ቤት ታየ።) ፖሊስ ኤፕሪል 2021 ላይ 20 ሺህ ክሮነር ቀጣት፤ ያኔ ከ1,700 ፓውንድ የማያንስ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት እናልፈው ነበር፣ እሷ ግን ገደቡን በሕዝብ ፊት ቆማ ያወጀች የአገር መሪ ናት፣ ደንቡ እንዲታመን መቀጣት አለባት ነው ያሉት። ሥልጣኗ ቅጣቱን አከበደባት እንጂ አላቀለለላትም።

ይሄ ለእኔ አዲስ አይደለም። በእኛ ዕድር ደንብ ስብሰባ ያረፈደ አባል ይቀጣል፤ ያረፈደው የኮሚቴ አባል ከሆነ ቅጣቱ እጥፍ ነው። ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሌላውን የሚቀጣ ሰው እጥፍ ይክፈል። ሥልጣን የያዘ ሁሉ ይህቺን አንቀጽ ተቀብሎ ቢፈርም አገር ስንት ነገር ይቀልላት ነበር።

ወደ ሪፖርቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ንዴቴ ያለው እዚያ ነው። ሱ ግሬይ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ክብር የተነፈጉበትን፣ ያላግባብ የተስተናገዱበትን አጋጣሚ ከአንድ በላይ አግኝቻለሁ፣ ተቀባይነት የለውም ስትል ጽፋለች። የጠጡ ታመው ያስመለሱበት፣ ሰው የተደባደበበት ማታ ተመዝግቧል። የካራኦኬ ማጫወቻውን ይዛ የመጣችው ደግሞ ቀደም ሲል የመንግሥት ሠራተኛውን ሥነ ምግባር የምትቆጣጠረው ኃላፊ ነበረች፤ ይህን እኔ ፈጥሬ ብጽፈው "አበዛሽው" ትሉኝ ነበር። ይህን ሁሉ ማን ነው ያጸዳው? ማስክ አድርጎ፣ በሌሊት አውቶቡስ መጥቶ፣ ቫይረሱን ቤቱ እንዳይወስድ እየፈራ? ዜናው ሁሉ ስለ ጠጪዎቹ ነበር።

ኤፕሪል 17 ቀን 2021 ንግሥቲቱ ባላቸውን ሲቀብሩ ጥቁር ለብሰው፣ ማስክ አድርገው፣ ለብቻቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያየ ሰው ሁሉ ሆዱ ተላውሷል። ለቀብር የተፈቀደው 30 ሰው ነበርና 30 ሰው ነው የተገኘው። በዋዜማው ማታ ዳውኒንግ ስትሪት ሁለት የስንብት ድግስ ነበር፤ አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ ወይን ሊሞላ ሱቅ መላኩ፣ የጆንሰን ልጅ ዥዋዥዌ መሰበሩ ተዘገበ። ጆንሰን ራሱ ያን ማታ አልነበረም፣ ለእውነቱ ያህል። ቤተ መንግሥቱን ግን ቁጥር 10 ይቅርታ ጠየቀ። ልክ ነው፣ መጠየቅ ነበረበት። እትዬን፣ መስኮት ላይ ያየናቸውን፣ የጠየቃቸው የለም።

ጆንሰንን የጣለው ቅጣቱ አይደለም። በጁላይ 2022 የገዛ ሚኒስትሮቹ በሌላ ጉድ ተነሥተውበት ሥልጣኑን እንደሚለቅ አስታወቀ። በኋላ የምክር ቤቱ ኮሚቴ፣ ከሰባቱ አባላት አራቱ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሆነው፣ ስለ ድግሶቹ ለምክር ቤቱ የተናገረው አሳሳች እንደነበር፣ ያም ሆን ተብሎ መሆኑን ወሰነ። ጁን 19 ቀን 2023፣ ኬኩ ደፈጣ በያዘበት በሦስተኛ ዓመቱ ማለት ነው፣ ምክር ቤቱ ውሳኔውን 354 ለ 7 አጸደቀው። እሱ ቀደም ብሎ ወንበሩን ጥሎ ወጥቶ ስለነበር የቀረበት የቀድሞ አባልነት መግቢያ ካርዱ ነው። ይህም ቢሆን ከ50 ፓውንዱ ይሻላል፤ የጠጣው ሳይሆን የዋሸው ተቆጠረበት።

ገንዘብ ያዣችን ይህን ሁሉ ብነግረው አሁንም "ቢሆንም ቀጡት" ነው መልሱ። አልካድሁትም። ቀጡት።

እንግዲህ በዚያው በ2022፣ በጁን፣ የባቡር አድማው ሳምንት፣ የዕድር ስብሰባ ነበረን። ገንዘብ ያዣችን አርፍዶ፣ አልቦት፣ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ገባ። ሰብሳቢዋ መዝገቡን ገልጣ "እጥፍ" አለችው። አድማ መሆኑን ዓለም ያውቃል አለ። ሌሎቻችን በአውቶቡስ ቀድመን ወጥተን ነው የደረስነው። ከቁጥጥሬ ውጭ ነው አለ። የሥራ ጉዳይ ነበረብኝም አለ። "ኬክ ነው የያዘህ?" አለ አንዱ ከኋላ፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱም ስቆ ኪሱ ገብቶ ከፈለ።

ደረሰኙን የሚቆርጠው ግን ራሱ ነው። እስካሁን አላየሁትም።